ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለው ራስ

ጎልድ ኮስት፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1995

ለምወድሽ አክስቴ ሜሬአና፤

ሰላምታው አስቀድሞ ለሙታን ይድረስ። ሙታን ከሙታን ጋር ይረፉ፤ አጎቴ ሃኮፓም በመካከላቸው ቦታውን ያግኝ። በሕይወት የቀረነው ደግሞ እንጠያየቅ። እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የዋይኑዮማታ ጉም ከሸለቆው ወጣ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት በርሽ ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል?

እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራም አገኘሁ። ፊልም በሚሠራበት ትልቅ ግቢ ውስጥ የሌላ ዓለም ፍጡራንን ፊትና ቆዳ የሚያዘጋጅ ክፍል አለ፤ እዚያ ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን የሠራሁትን ጆሮ አለቃዬ ግሌን አንስቶ አገላብጦ አየና "ይሄን የት ተማርክ?" አለኝ። "ጋራዥ ውስጥ፣ ከአክስቴና ከአጎቴ" አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

የምኖረው ከሁለት ልጆች ጋር ነው። ከሥራ ስመለስ የራሴን ነገር እሞካክራለሁ፤ የልብስ ማጠቢያዋን ክፍል ቀምቻቸዋለሁ። ጭቃው ገንዳው ውስጥ፣ ጀሶው ጫማቸው ውስጥ ነው። ለጭምብል የሚሆነውን የጎማ አረፋ ወጥ ቤት ባለው ምድጃ ስለምጋግረው ፒዛቸው ሁሉ የመኪና ጎማ ጎማ ይላል፤ ሲያላግጡብኝ ይውላሉ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። አጎቴ ከማንኪያ እጀታና ከበሬ አጥንት የሠራቸው መቅረጫዎች አሉ አይደል? እዚህ የሚሸጠው ሁሉ እጅ ላይ አይቀመጥም። ብትልኪልኝ ትልቅ ውለታ ነው። ጎረቤታችንን ደዝመንድንም ሰላም በይልኝ። አሁንም ሎሚ ይዞ ይመጣል?

ያሳደግሽው ራፓታ


ዋይኑዮማታ፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1995

ለልጄ ለራፓታ፤

ያለፉት በሰላም ይተኙ፤ መንገዳቸውም የቀና ይሁን። እኛ ወደ ራሳችን ወሬ እንመለስ። ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ደዝመንድ መኪና ነው፤ ጠዋት እምቢ ይላል፣ ሲሞቅ ይሄዳል።

በሥራህ በጣም ደስ ብሎኛል። ደብዳቤህን ጋራዥ ይዤ ገብቼ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ላለው ለሃኮፓ ራስ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጀሶ ይስማ አይስማ አላውቅም። በሕይወት ሳለም ግማሹን ነበር የሚሰማኝ።

አሁን ወደ ምድጃው ልምጣ። ያንን ሳነብለት መሃል ላይ አቆምኩ። አጎትህ ሁለተኛ ምድጃ ገዝቶ ጋራዥ ያስገባው፣ በሩ ላይም በቀይ ቀለም "ዳቦ እዚህ አይገባም" ብሎ የጻፈው ቀለም ስለተረፈው ይመስልሃል? የምትጋግረው ነገር የሰው ፊት ላይ ተለክቶ የተሠራ ነው። ራስ ነው። እኛ ዘንድ ራስ ክቡር ነው፤ ምግብ ካለበት አይደርስም። ትራስ ላይ ስትቀመጥ በማማሰያ ያሯሯጥኩህ፣ ኮፍያህን የምግብ ጠረጴዛ ላይ ስትጥል አጎትህ አንስቶ ዝናብ ላይ የወረወረው ለጨዋታ አልነበረም። ልጆቹ ይሳቁ፤ እነሱ አያውቁም። አንተ ግን እያወቅህ ነው።

መቅረጫዎቹን ልኬልሃለሁ። ሁሉንም አይደለም፤ እኔም እሠራባቸዋለሁ። የልጆች ፕሮግራም የሚያዘጋጁት ሰዎች የጨረቃ እንቁራሪት አዘውኛል፤ ኪንታሮቱን ከእንቁላል ካርቶን እያወጣሁ ነው። ደዝመንድ ወደ ጨረቃ የምትሄድበትን መንኮራኩር ይዟል። ከሻምፑ ጠርሙስና ከምላጭ እጀታ የሠራው ነው፤ ቀለም ሲቀባ እውነተኛ ብረት ይመስላል። ሰላም ብሎሃል። ሎሚውም አልቀረም።

አክስትህ ሜሬአና


ጎልድ ኮስት፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1995

ውድ አክስቴ፤

እንደምን ከረምሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ሥራው ግን ትንፋሽ አይሰጥም። መቅረጫዎቹ ደርሰውኛል፤ እጅሽ ይባረክ። ስለ ምድጃው አትጨነቂ፤ ለብቻው ሌላ ገዝቻለሁ።

ከዚህ ጋር ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ልኬልሻለሁ። በዚያ ሸለቆ ብርድ እንዳትጎጂ ብዬ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ነበረችኝ። ያንን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን የአጎቴን ራስ፣ አንቺ ፊቱ ላይ ቅርጽ የሚይዘውን ሊጥ ቀብተሽ በጀሶ ያወጣሽውን፣ ብትልኪልኝ። ለልምምድ ነው። የሽማግሌ ፊት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ እዚህ ያለው የፊት ፎርማ ሁሉ የወጣት ነው። ስጨርስ እመልሰዋለሁ።

ሌላው ደግሞ፣ የጋራዡ ቁልፍ ደዝመንድ ኪስ ውስጥ ነው የሚባለው እውነት ነው? ማን ነገረህ አትበይኝ። ደግ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ግን የአጎቴን ፎርማዎች የሚመኝ ብዙ ነው፤ ሰውም አንዳንዴ ደግ የሚሆነው በምክንያት ነው።

መልስሽን ቶሎ እጠብቃለሁ።

ራፓታ


ዋይኑዮማታ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1995

ለራፓታ፤

ሙታን በዕረፍታቸው ይቆዩ። በደብዳቤህ ሰላምታ የነፈግኻቸው እነሱ ስለሆኑ፣ ያንተንም የኔንም ድርሻ እኔው ሰላም ብያቸዋለሁ። እንደ መርሳት ልቁጠረው? እኛ ቤት ያደገ ሰው ሙታንን ዘሎ ደብዳቤ የሚጀምረው ወይ ሲቸኩል ነው፣ ወይ እነሱን ቀና ብሎ ማየት ሲያቅተው።

የዘገየሁት ሳስብ ቆይቼ ነው። ብርድ ልብሱ መጥቷል። ቆንጆ ነው፤ አልተኛሁበትም። ከልጅነትህ አውቅሃለሁ፤ ሳትጠየቅ ዕቃ ያጠብክ ዕለት የሆነ ነገር ሰብረሃል ማለት ነበር።

ራሱን አልልክም። "ለልምምድ" ትለኛለህ። ለልምምድ የሚሆን ሽማግሌ ጎልድ ኮስት ላይ ጠፋ? እንደምሰማው አገሩ በሙሉ ጡረተኛ ነው። ሻይ ጋብዝና አንዱን አስተኝተህ ቀባው።

ያንን ራስ ያወጣንበትን ቀን ታስታውሳለህ፤ ባልዲውን የያዝክልን አንተ ነህ። ሊጡ ፊቱ ላይ እየጠነከረ፣ ለአፍንጫው ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቶለት፣ "እንዳትንቀሳቀስ" ያልኩት እኔው ራሴ ደዝመንድ መሰላል ላይ ቆሞ ሱሪው የወረደበትን ቀን አነሳሁበት። ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል የግራ ከንፈሩ ጫፍ ወደ ላይ ሄደች፤ ጀሶውም እንደዚያው ያዛት። ፎቶ ላይ እንደሆነ ሁሌም ኮስታራ ነው፤ ካሜራ ሲያይ ፖሊስ የያዘው ይመስለው ነበር። የሚስቅ ሃኮፓ ያለኝ እሱ አንዱ ነው። ፎቶ ደግሞ ቢዳስሱት ወረቀት ነው። እዚህኛው ላይ የአፍንጫው ስብራት፣ ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር ጣቴ ያገኛታል። ጠዋት ጠዋት እዳስሰዋለሁ፤ ከዚያ እጄን ውሃ አስነክቼ ወደ ወጥ ቤት እመለሳለሁ። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ለአንተ የነገርኩህ ምን እየጠየቅኸኝ እንደሆነ እንድታውቅ ነው።

ደግሞ የቁልፉን ወሬ ማን እንዳቀበለህ ባልጠይቅም፣ ያቀበለህ ሰው ምን እንደሚፈልግ አንተ ብትጠይቀው መልካም ነው።

ሜሬአና


ጎልድ ኮስት፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1995

ለክብርት እናቴም አክስቴም ለሆንሽው ለሜሬአና፤

ሰላም ለሙታን ሁሉ፤ ሰላም ለአጎቴ ለሃኮፓ፤ ሰላም ለእናቴ፤ ሰላም ለአያቶቼና ለቅድመ አያቶቼ፣ በጥንቷ ታንኳ ባሕር ተሻግረው እስከመጡት ድረስ። በተራራችን፣ በወንዛችን ስም ሰላም እልሻለሁ።

ጥፋቴ ነው፤ ከመጀመሪያው ልነግርሽ ይገባ ነበር። ነገሩ ይሄ ነው። አሁን የምንሠራው ፊልም ውስጥ የሩቅ ዓለም ሽማግሌ ንጉሥ አለ። ግሌን ብዙ ሰው ሞክሮ አንዱም ፊት አልጥም አለው። እኔ የአጎቴን ፊት ከትዝታ በጭቃ ሠርቼ አሳየሁት። ዙሪያውን አየውና "ይሄ ሰው የት አለ?" አለኝ። የጀሶው ራስ እንዳለ ነገርኩት። በዚያው ቀን ንጉሡን ለኔ ሰጠኝ። ገባሽ አክስቴ? ለኔ። የሚለብሰው ተዋናይ ላይ የማጣብቀው ፊት የአጎቴ ይሆናል፤ ስሜም መጨረሻ ላይ ይወጣል። ከትዝታ የሠራሁት ለትልቅ ሸራ አይበቃም። የቆዳው ቀዳዳ፣ ሽብሽቡ፣ እውነቱ ያለው ጀሶው ላይ ነው።

ይሄ ለሱ ክብር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ለልጆች ፕሮግራም ዓሣና እንቁራሪት ሲሠራ የኖረ ሰው ንጉሥ ሆኖ በዓለም ሁሉ ይታያል። ወይስ ለደዝመንድ ልትሰጪው አስበሽ ነው ለኔ የከለከልሽኝ? እንደዚያ ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ። የሱ ደም እኔ ነኝ፤ ደዝመንድ አይደለም።

ልጅሽ ራፓታ


ዋይኑዮማታ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 1995

ለራፓታ፤

ሙታንን ባለፈው ረሳሃቸው፣ በዚህኛው ደግሞ አበዛሃቸው። ሚዛኑን እስክታገኝ እኔ ባጭሩ ሰላም እላቸዋለሁ።

ስለ ደዝመንድ የጻፍከውን ድጋሚ እንዳትጽፈው። ሰውየው ይህን ያህል ዘመን ጎረቤታችን ሆኖ ያንን መደርደሪያ አቧራ ለመጥረግ እንኳ ፈቃድ ይጠይቀኛል። ሲገባ ባርኔጣውን ያወልቃል። ማን ያስተማረው ይመስልሃል? ማንም። እያየ ነው የተማረው። ደም ደም ስትል ደግሞ፣ ደም ከሆንክማ ይበልጥ ልትጠነቀቅ ይገባህ ነበር።

አሁን ስለ ንጉሡ። ደብዳቤህን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ተዋናዩ አለ፣ ስምህ አለ፣ ግሌን አለ፣ የቆዳው ቀዳዳ ሳይቀር አለ። ንጉሡ ግን ምን እንደሚሠራ አልጻፍክም። ስለዚህ ልጠይቅህ። ፊቱን የሚለብሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ንጉሡ ፊልሙ ውስጥ ምን ይሠራል? በመጨረሻስ ምን ይሆናል? እነዚህን መልስልኝ፤ ከዚያ ከሃኮፓ ጋር እንመካከርበታለን።

እውነቱን ከነገርከኝ እንቢ ላልልም እችላለሁ። ሃኮፓ ንጉሥ መሆን ደስ ይለው ነበር። እንደ ንጉሥም ነበር የሚቀመጠው፤ አንድ ብርጭቆ እንኳ አንስቶ አያውቅም።

ሜሬአና


ጎልድ ኮስት፣ ዲሴምበር 18 ቀን 1995

ውድ አክስቴ፤

ሰላም ለሙታን፣ ሰላም ለአንቺ። መልካም ገና።

ፊቱን የሚለብሰው ከሲድኒ የመጣ ተዋናይ ነው። ጨዋ፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ አጎቴ ቢያገኘው ይወደው ነበር። ንጉሡ ደግሞ ለሕዝቡ የሚመክር፣ ከሰማይ ለመጡት እንግዶች በሩን የሚከፍት ደግ ሽማግሌ ነው። የቀረውን ስንገናኝ በአካል እናወራለን፤ በወረቀት አያልቅም።

ጊዜ ስለሌለን ዕቃ የሚያመላልስ ሰው በጃንዋሪ መጀመሪያ ሳምንት ይመጣል። ራሱን በወፍራም ነገር ጠቅልለሽ ሳጥን ውስጥ አድርጊልኝ። ያ የሱፍ ብርድ ልብስ ይበቃል።

በትልቅ ፍቅር፣
ራፓታ


ዋይኑዮማታ፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 1996

ለራፓታ፤

ሙታን ይስሙ፤ ዛሬ የምጽፈው እነሱም ፊት ነው።

ለካ ብርድ ልብሱ ለኔ ብርድ አልነበረም። ይሁን። እሱስ ያስቃል፤ ለደዝመንድ ስነግረው የያዘውን መንኮራኩር ሊጥል እስኪደርስ ሳቀ። ሁለት ጥያቄ መልሰህ ሦስተኛዋን መዝለልህ ግን አላሳቀኝም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። "በወረቀት አያልቅም" አልክ። የሰው መጨረሻ በወረቀት ካላለቀ በምን ያልቃል?

ቲያን ታውቃታለህ፤ ከኛ በላይ ካለው ቤት ያለችው። እዚያው አንተ ያለህበት ግቢ ልብስ ትሰፋለች፤ ለገና መጥታ ነበር። ውጭ ተቀምጠን ከባሕር ያመጣችውን ዛጎል ስንፈለፍል እሷው ናት ወሬውን የጀመረችው።

"አክስቴ፣ ራፓታ ትልቅ ሥራ እኮ ነው የያዘው። ንጉሡን ነው የሚሠራው።"

"ነግሮኛል። ደግ ንጉሥ ነው አሉ።"

"ደግ ነው። ደግነቱ ነው የሚጎዳው። እንግዶቹ ይገድሉታል።"

"ይግደሉት፤ ንጉሥ ሲሞት ብርቅ አይደለም። ከዚያስ?"

ቢላዋዋን አስቀመጠች። "ራፓታ አልነገረሽም እንዴ?"

"አንቺ ንገሪኝ።"

"እኔ ባልናገር ይሻለኛል አክስቴ።"

"ጀምረሽዋል፤ ጨርሺው።"

"ርቧቸዋል፤ ምግብ አልቆባቸዋል። ራሱን ቆርጠው እሳት ላይ ይጠብሱታል። ይበሉታል። ሰው የሚስቅበት ቦታ እሱ ነው ይላሉ። እኔ ያንን ክፍል ሲቀርጹ ወጥቼ ሄጃለሁ፤ ለሙከራ የዱባ ራስ ነበር ያደረጉት፤ ለዱባውም ቢሆን አልተቀመጥኩም።"

ዛጎሉን ትቼ ተነሳሁ። ቲያም ይቅርታ ትለኝ ጀመር፤ የሷ ጥፋት ምን አለበት? የዱባ ራስ አስነስቶ ያስወጣት ልጅ ናት። አንተስ ራፓታ? አንተን ምን አስቀመጠህ? በድሮ ዘመን አንድ ሰው ሌላውን ሊያዋርድ ከፈለገ "የአባትህን ራስ አበስለዋለሁ" ይለው ነበር። በዚያች ቃል ብቻ መንደር ከመንደር ተፋጅቷል። በቃል ብቻ። አንተ በቃል አላልክም፤ በእጅህ ልትሠራው፣ ቀለም ልትቀባው፣ ሽብሽቡን ልታስተካክልለት ነው። ያሳደገህን ሰው። እያወቅህ ደግሞ "ክብር" ብለህ ጻፍክልኝ። በጣም ነው የተናደድኩብህ። ከመናደዴ በላይ ደግሞ አፈርኩ፤ ጋራዥ ገብቼ ምን ብዬ እንደምነግረው ጠፋኝ።

የላክኸው ሰው መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሻይ አጠጣሁት፣ የተጠበሰ ዳቦም በላ። ሳጥንም ሰጠሁት። በብርድ ልብስህ ጠቅልዬዋለሁ። ለሚበስል ራስ ይሄኛው ይሻላል ብዬ መርጬ ነው የላክሁልህ። ብቻህን እንዳትከፍተው፤ ግሌን ባለበት ክፈተው።

ሜሬአና


ጎልድ ኮስት፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1996

አክስቴ፤

ሰላም ለሙታን። ከዚህ በላይ ልላቸው ፊት የለኝም።

ሳጥኑን እንዳልሽኝ ግሌን ባለበት ከፈትኩት። ሌሎቹም ከበቡኝ። ብርድ ልብሱን ስገልጥ ያየሁት የራሴን ፊት ነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ። አጎቴ ያንን ያወጣው ጺም ላበቅል በምታገልበት ጊዜ ነበር፤ አፍንጫዬ ሥር ያሉት አምስት ስድስት ፀጉሮች ሳይቀሩ ጀሶው ላይ አሉ። እንዳስቀመጣችሁትም አላውቅም ነበር።

ግሌን ያሾፍኩ መስሎት ተቆጣ። ከዚያ አገላብጦ አየውና "ፊቱ ጥሩ ነው። እናስረጀዋለን። ከዛሬ ጀምረህ ጭቃ ጫንበት" አለኝ። እሺ አልኩት። በእውነት እሺ አልኩት አክስቴ። ተቀመጥኩ፣ ጭቃውን አሞቅሁ፣ ግንባሩ ላይ ጀመርኩ። መሥራቱን ችዬው ነበር። ያቃተኝ ጠዋት ነው፤ የተጠበሰው ራስ ምን መምሰል እንዳለበት የተሳለውን ወረቀት ከጠረጴዛዬ አንስተው ከፊቱ አጠገብ ሲሰቅሉት። ቆዳው የሚሰነጠቅበት ቦታ ሁሉ በቀይ ምልክት ተደርጎበታል። ጉንጭ፣ ከንፈር። ወረቀቱን አየሁ፣ ፊቴን አየሁ። ያ ወረቀት እኮ ከኦክቶበር ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። በአጎቴ ፊት ላይ ሳስበው ምሳዬን እየበላሁ ነበር የማስበው። የራሴ ሲሆን ነው መቅረጫውን ያስቀመጥኩት። እንዲህ ያለ ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።

ግሌንን አልሠራም አልኩት። "ጀሶ እኮ ነው" አለኝ። ላስረዳው ሞከርኩ፤ "የአጎቴ ራስ፣ የኔ ራስ፣ ምግብ" ስል ለራሴም የተምታታ መሰለኝ። በመጨረሻ "ቤተሰቦቼ አይወዱትም" አልኩት። "ቤተሰቦችህ ናቸው ወይስ እኔ ነኝ የምቀጥርህ?" አለኝ። ንጉሡን ለሌላ ሰው ሰጡት፤ ሳምንት ሳይሞላ እኔንም አያስፈልግም አሉኝ። ፊቴን ጭኔ ላይ አድርጌ በአውቶብስ ወደ ቤት ወሰድኩት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ቦታ ቀየረች።

ምድጃም አልገዛሁም ነበር። የደዝመንድ ቁልፍ ወሬም ከራሴ ነው፤ ማንም አልነገረኝም። ይቅርታ እንድታደርጊልኝ አልጠይቅሽም። እንድታምኚኝ ግን እፈልጋለሁ፤ ለዚያ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም።

ራፓታ


ዋይኑዮማታ፣ ማርች 4 ቀን 1996

ለራፓታ፤

ሙታን በሰላም ይረፉ፤ አንተም አብረህ ትንሽ ዕረፍ።

ደብዳቤህን አነበብኩ፤ አለቀስኩ፤ ከዚያ አላመንኩህም። ምን ላድርግ፣ እንዲህ አድርገህ ያስለመድከኝ አንተ ነህ። ቲያ ጋ ደወልኩ። "ራፓታ ሥራውን ለቀቀ የሚባለው እውነት ነው?" አልኳት። "አልለቀቀም፤ አባረሩት" አለችኝ። "ጥሩ" አልኳት። ልጅቷ የጠላሁህ መሰላት። ንጉሡን ከሌላ ፊት እንደሠሩትም ነገረችኝ፤ ያ ሰው ዘመድ ካለው እግዚአብሔር ያጽናቸው። ስለዚህ አሁን አምኜሃለሁ። ጠይቄ ያገኘሁት እምነት ነው፤ ግን እምነት ነው።

ሥራህ ስለቀረ አዝኛለሁ። እጅህ ጥሩ እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ግማሹ የሃኮፓ እጅ ነው። ጨረቃ ላይ ያለችው እንቁራሪት ወንድም ይፈልጉላታል ተብሏል። ክፍያው ለሁለት ሰው አይበቃም፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ግን አለ።

የሃኮፓ መቃብር ድንጋይ፣ እንደ ወጋችን፣ ለፋሲካ ቅዳሜ መሸፈኛው ይገለጣል። ሕዝቡ ከሰሜንም ከደቡብም ይመጣል። ከአንተ ጋር በተጻጻፍንባቸው ወራት ሁሉ አንድ ነገር ሳስብ ከርሜያለሁ። እኔ ሳልፍ ያ ራስ ማን እጅ ይገባል? አንተን እንኳ፣ ሥሩ ባልዲ ይዘህ ያደግከውን ልጅ፣ እንዲህ ካደረገህ የማያውቀውን ሰው ምን ያደርገዋል? ስለዚህ ድንጋዩ የሚገለጥ ቀን ከባለቤቱ ጋር እንቀብረዋለን። ቄሱም ሽማግሌዎቹም ተስማምተዋል። ደዝመንድ ሳጥን እየሠራለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ለካው፣ ሁለት ጊዜም ባርኔጣውን አወለቀ።

በርጩማ ላይ ቆሜ ፊቱን እዳስሰዋለሁ እንጂ ላወርደው አልችልም፤ ጀሶውም ከባድ ነው። ደዝመንድ አወርደዋለሁ ብሎኝ ነበር፤ አይሆንም አልኩት። ይህን ራስ ስትለምነኝ ከርመሃል፤ ይኸው ሰጥቼሃለሁ። አውርደኸው በሁለት እጅህ ታቅፈኸው ሰው ሁሉ እያየህ ከጋራዡ እስከ መቃብሩ ትወስደዋለህ።

ዓርብ ሳይመሽ ና። ቅዳሜ ጠዋት ግን ጋራዡን ቀድሜህ እገባለሁ፤ እስክጠራህ ውጭ ቆየኝ።

አክስትህ ሜሬአና